ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መልሱስ?

በጎበሳ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር፣ ለኅትመት ተስተካክሎ

   

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በዚሁ በሽርካ ወረዳ ሰላማዊ ሰዎች በግፍ ተገድለዋል። ስለ ሕዝብ አገልግሎት ሲነገር የሰው ሕይወት ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል። መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ አምቡላንሱ አይንቀሳቀስም፤ ምጥ የያዛትም ሴት በሌሊት ከቤቷ አትወጣም። የሟቾችን ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው። መንግሥት ለጤናና ለሌሎች የሕዝብ አገልግሎቶች ተጠያቂ ይሁን ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። ተጠያቂነቱ ለማን ነው? መልሱን የሚሰማው ማነው? በአገራችን መጠየቅና ማስረዳት ጠፍቶ አያውቅም። ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳው፣ ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ ሪፖርት ያደርጋል፤ ክልሉና ፌዴራሉ ደግሞ ገንዘብ ለሚሰጠው ለጋሽ ያስረዳሉ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲጓዝ ይኖራል። አገልግሎቱን ፈልጎ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ለቆመው ሰው ግን የሚመለስ መልስ የለም ወይም ከስንት አንዴ ነው። የእኔ ክርክር መልሱ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ማውረጃው መንገድም በእጃችሁ ነው የሚል ነው። በመጀመሪያ አርሲ ራሷ የምታውቀውን ሥርዓት አነሳለሁ። ቀጥዬ ካለፈው ታሪካችን ጥቂት አስታውሳለሁ። ከዚያ አንድ የጠፋ መድኃኒት ይዘን ዱካውን እንከተላለን፤ በመጨረሻም ሕግና አሠራር ስለሰጡን መሣሪያዎች እናገራለሁ።

እዚህ ካሉት ሀደ ሲንቄዎች፣ ማለትም የሲንቄ እናቶች፣ ፊት ስለ ሲንቄ መናገር ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ለወጣቶቹ ያህል ግን ልበል። በአርሲ ኦሮሞ ባህል አንዲት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት፤ ለመማቻ አትሆንም፤ የሴቲቱ መብት ምልክት ናት። ሴቲቱ ወልዳ ቀነፋውን ግንባሯ ላይ ባሰረችባቸው ወራት ባል እጁን ሊያነሳባት ቀርቶ ክፉ ቃል ሊናገራት አይፈቀድለትም። ይህን ቢያፈርስ እሪ ትላለች። የሰፈሩ ሴቶች ላሚቱን ሳያልቡ፣ ድስቱን ሳያወጡ፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ከያሉበት ይወጣሉ። የሚሄዱት ወደ አጥፊው ቤት ነው። አይደበድቡትም፤ እየዘፈኑና እየረገሙ በደጁ ይቆማሉ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥፋቱ ታምኖ፣ ጊደር ታርዳ እርቅ ሳይወርድ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሲንቄ ይዘው በተሰለፉ ሴቶች ፊት አቋርጦ የሚያልፍም ወንድ የለም።

ይህ ሥርዓት የተበጀው ለአራስ ሴት መሆኑን ልብ በሉልኝ። የእናቶች ጤና በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ከመግባቱ ብዙ ዘመን በፊት እዚህ ደጋ ላይ የሚጠብቀው ሕግና የሚያስፈጽመው ኃይል ነበረው። ጥያቄውን የምታነሳው የተበደለችው ራሷ ናት። ብቻዋን አይደለችም፤ ጎረቤቷ ሁሉ አብሯት ይወጣል። አቤቱታው በስንት እጅ ዞሮ ወደ ሩቅ አለቃ አይሄድም፤ በቀጥታ አጥፊው ደጅ ይደርሳል። መልስ ሳይገኝ ደግሞ ማንም አይበተንም። እኔ ተጠያቂነት የምለው ይህንን ነው። ቅጣት ሊኖር ላይኖር ይችላል፤ መልስ ግን የግድ ነው።

ከዚህ በኋላ የማወሳው ታሪካችን በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ ሰብል ጠፍቶ ሕዝቡ ሲራብ ወሬው በወቅቱ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደርሶ ነበር። ሚኒስቴሩ ወራት ካለፉ በኋላ ወደ ታች የላከው እህል አልነበረም። በረሃቡ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጽፎ እንዲላክለት ጠየቀ። የቢሮው ሥራ በዚያ ቢሮ ሚዛን ተሠርቷል፤ ደብዳቤ መጥቷል፣ ደብዳቤ ሄዷል። የተራበው ሰው ግን በጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ከሞተ በኋላ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ብዙም ሳይቆይ የወሎ ረሃብ መጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. መንግሥት ጉዳዩን ሸሽጎት ዓለም የሰማው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ባለሥልጣናቱን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። በዘመናዊው ታሪካችን ባለሥልጣን በአደባባይ፣ በሥርዓት፣ በማስረጃ ሊጠየቅ የተቃረበበት ጊዜ ያ ነበር። ምርመራው ፍጻሜ ሳያገኝ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ከፍተኛ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። ያን ጊዜ ተጠያቂነት ነገሠ ያሉ ነበሩ፤ እኔ ተገደለ እላለሁ። የወሎ ገበሬ ልጆቹ ለምን እንደሞቱበት ከሰዎቹ አንደበት የሚሰማበት ዕድል አብሯቸው ተቀበረ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ ያው ደርግ ረሃቡ እየተባባሰ ሳለ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ገዳዩም የሚመልስለት ሰው አላሰበም።

የራሳችን የአርሲ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ካዱ በመባል የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ገደማ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሲጀመር አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ስዊድን ነበረች። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ የስንዴ ምርት ጨመረ። ምርቱ ሲጨምር ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ጢሰኛውን ከመሬቱ አፈናቀሉት። ስዊድኖች የመሬት ኪራይ ሕግ ይውጣ ብለው ወተወቱ፤ ረቂቁም ለፓርላማ ቀረበ። ፓርላማው ግን የባለመሬቶች ስለነበር ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ለጢሰኛው ተቆርቋሪ አልጠፋም፤ ተቆርቋሪው ግን ስቶክሆልም ነበር። የፕሮጀክቱ ሪፖርት ወደ ስዊድን ይሄድ ነበር፤ ከጭላሎ ግርጌ የተነቀለው ቤተሰብ ግን ለምን ብሎ የሚጠይቅበት ደጅ አልነበረውም። መሬቱ በአዋጅ የተመለሰለት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ይህን የማነሳው ውለታን ለመካድ አይደለም። በዘመናችንም ያው ነገር በሌላ መልክ ስለሚታይ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ የሚሰጡትን ድጋፍ አቋርጠው በ1998 ዓ.ም. ገንዘቡ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ በተባለ ፕሮግራም በኩል ወደ ወረዳዎች እንዲወርድ አደረጉ። የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም የጀመረው በዚያ ሥር ነው። ነዋሪው ለአገልግሎት ውጤት ሲሰጥ፣ ከኃላፊዎች ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር፣ የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ያየነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የውጭ ገንዘብ ላይ የቆመ ነገር ሁሉ ገንዘቡ በቆመ ቀን ይናጋል። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ከ5,000 በላይ ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። ውሳኔው ከዋሽንግተን ተነስቶ እስከ ወረዳ ሲወርድ ታካሚውን ያማከረው የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጨለማ እንዳይመስልባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ከ100 ወሊዶች 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት እናቶች ከ100,000 ሕያው ወሊዶች ከ871 ወደ 412 የወረዱት ደግሞ ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ይህን ለውጥ ካመጡት ዋነኞቹ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ ከመካከላችሁም ተቀምጠዋል። ክብር ይገባቸዋል። ቢሆንም 412 እናት ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ እናት የሞተችበት ቤትም በሌላው ቤት መሻሻል አይጽናናም።

አሁን ወደ ቃል የገባሁበት መድኃኒት ልምጣ፤ ረዘም አድርጌ የምናገረው ስለዚህ ነው። አንድ የደም ግፊት ሕመምተኛ አባት አስቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ዓመታዊ መዋጯቸውን ከፍለዋል፤ ካርዳቸውም ታድሷል። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ወርደው፣ ካርድ ክፍል ተሰልፈው፣ ግፊታቸው ተለክቶ ማዘዣ ተጻፈላቸው። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሲደርሱ «አባባ፣ አልቋል፤ ከውጭ ይግዙ» ተባሉ። የግል መድኃኒት ቤት ዋጋውን ነገራቸው፤ ኪሳቸውን ዳበሱና ማዘዣውን አጣጥፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ወዲያው አያስጮህም። የሚታየው አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው ነው።

ለምን አለቀ? ጠይቁ። የሚሰጣችሁ መልስ ብዙውን ጊዜ «የበጀት እጥረት ነው» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ስለሚከት ማንንም አያስጠይቅም። መድኃኒቱ የሚመጣበትን መንገድ እንከተለው። ጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ቢን ካርድ የሚባል ወረቀት አለ፤ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ይጻፍበታል። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የጥያቄ ቅጽ ሞልቶ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይልካል፤ ለእኛ ቅርቡ አዳማ ያለው ቅርንጫፍ ነው። አሠራሩ ጤና ጣቢያው ከ2 ወር ያላነሰና ከ4 ወር ያልበለጠ ክምችት እንዲኖረው ያዛል። እንግዲህ ዛሬ መስኮቱ ላይ የጠፋው መድኃኒት ክምችቱ መሳሳት የጀመረው ከወራት በፊት ነው። ያን ጊዜ የሆነ ሰው የሆነ ወረቀት ላይ ሊያየው ይገባ ነበር።

ቢን ካርዱ ካልተሞላ ወይም ቅጹ በጊዜው ካልተላከ ጥያቄው የመጋዘን ሠራተኛውና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው። ቅጹ ሄዶ ከተጠየቀው ያነሰ ከመጣ መልሱ ያለው አዳማ ነው። የጤና ጣቢያው የመግዣ ገንዘብ ካለቀም ምክንያቱን ማየት ነው። ጤና ጣቢያው የመድህን አባላትን ካከመ በኋላ ወጪውን ከወረዳው መድህን ማስመለስ አለበት፤ ክፍያው ከዘገየ የሚቀጥለውን መድኃኒት በምን ይገዛል? እዚህ ላይ የሚጠየቁት የመድህኑ ጽሕፈት ቤትና ወረዳው አስተዳደር ናቸው። መድኃኒቱ ከአገር ከጠፋ ደግሞ የውጭ ምንዛሪና የግዢ ጉዳይ ስለሆነ ፌዴራሉን ይመለከታል። ሲንቄ የያዙ እናቶች የአጥፊውን ቤት ያውቁታል። የእኛ ችግር በሩ ብዙ መሆኑ ነው፤ ብዙ በር ባለበት ቤት ደግሞ እያንዳንዱ በር ወደ ሌላው ይጠቁማል። ስለዚህ ከቁጣ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የትኛው ወረቀት የት ቦታ እንደቆመ ያወቀ ሰው የትኛው በር ላይ እንደሚቆም አይጠፋውም።

መስኮቱ ላይ ስላለችው ባለሙያ አንድ ቃል። «አልቋል» የምትለዋ እሷ ስለሆነች ስድቡም የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። እሷም መልስ ያልተሰጣት ሰው ናት። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸው ምላሽ አላገኘም ብለው በብዙ ቦታ በከፊል ሥራ ሲያቆሙ በርካቶቹ ታስረዋል። ልጆቿን በደመወዟ ማብላት ያቃታት ነርስ በሌሊት ተረኝነት ስታገለግለን የሚጠይቅላት ሕዝብ ሊኖራት ይገባል። ባለሙያውና ታካሚው መስኮቱን መካከል አድርገው መጣላታቸው የሚጠቅመው መልስ መስጠት የማይፈልገውን ብቻ ነው።

በመጨረሻም ስለ መሣሪያዎቻችን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምና ተመራጭ እንዲጠየቅ፣ ሕዝቡም አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው እንዲያነሳ ይደነግጋል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እንዲያሳድግ ግዴታ ይጥልበታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የተከለከለ ሰው ወደ ዕንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። እነዚህ ጥሩ ሕጎች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ገበሬ የአዋጅ ቁጥር ጠቅሶ ደብዳቤ የሚያስገባበት ቀን ገና ሩቅ ነው፤ ተማሪዎችና መምህራን ልታግዙት ትችላላችሁ።

ከሁሉ የሚቀርባችሁ የማኅበረሰብ የውጤት ካርዱ ነው። ጤና ሚኒስቴር ባዘጋጀው አሠራር መሠረት የነዋሪው ተወካዮች በየሩብ ዓመቱ ለጤና ጣቢያቸው በስድስት ነገሮች ውጤት ይሰጣሉ፦ ባለሙያው ለታካሚው በሚያሳየው ርኅራኄና አክብሮት፣ ተራ ጥበቃ በሚወስደው ጊዜ፣ በመድኃኒትና በምርመራ አቅርቦት፣ በግንባታና በመብራት ውኃ፣ በአምቡላንስ፣ በንጽሕና። ከዚያ በሕዝብ መድረክ ይወያዩና የማሻሻያ ዕቅድ ይወጣል። በጤና ጣቢያው የሥራ አመራር ቦርድም የሕዝብ ተወካይ አለ። በወረቀት ላይ ካየነው ሲንቄን የሚመስል ነገር ነው፤ ተበዳዩ ይናገራል፣ ብዙ ሆኖ ይናገራል፣ አጥፊውም ከፊቱ ተቀምጧል።

ይሠራል ወይ? ከኡጋንዳ ልጥቀስላችሁ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ50 የገጠር ጤና ጣቢያዎች አካባቢ ጥናት አደረጉ። በግማሾቹ ዘንድ ነዋሪዎች ስለ ጤና ጣቢያቸው መረጃ ተሰጣቸው፤ ከባለሙያዎቹም ጋር ተቀምጠው የጋራ ዕቅድ አወጡ። በአውሮፓውያኑ 2009 በታተመው ውጤት በእነዚህ ቦታዎች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከአንድ ዓመት በኋላ በ33 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ዓለም ተደነቀ። ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን በ376 ጤና ጣቢያዎች ሲደግሙት የሕክምናው ጥራት በመጠኑ ቢሻሻልም በሞት ላይ ለውጥ አልታየም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፤ ስብሰባው ብቻውን ሕፃን አያድንም። በስብሰባው የተባለው ነገር መፈጸሙን ተመልሶ የሚያይ ሰው ከሌለ ውጤት መስጠቱ ራሱ ወደ ላይ የሚላክ አንድ ሌላ ሪፖርት ይሆናል። እኛም ዘንድ ያለው ሥጋት ይኸው ነው። ካርዱ ተሞልቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ከገባ ሥራው አለቀ ይባላል።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ ትልቅ ነገር አልጠይቃችሁም። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ውጤት ለመስጠት ስትጠሩ አዲስ ውጤት ከመስጠታችሁ በፊት ያለፈው ዕቅድ ይነበብ በሉ። የትኛው ተፈጸመ? ያልተፈጸመው በማን እጅ ቀረ? ከመጋዘኑ ያለቁ መድኃኒቶች ስም፣ መቼ እንደተጠየቁና ምን ያህል እንደመጣ በወረቀት ተጽፎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ በጤና ጣቢያው ይለጠፍ። ሀደ ሲንቄዎች በቦርዱና በውጤት ሰጪዎቹ መካከል ወንበር ይኑራችሁ፤ ስለ አራስ እናት ከእናንተ በፊት የሚናገር ሊኖር አይገባም። እዚህ የተገኛችሁ የወረዳችን ኃላፊዎችም የመጀመሪያውን ወረቀት እናንተው ለጥፉት፤ ሕዝቡ ሳይጠይቃችሁ ለጥፉት።